350ው ስንት ነው? በራሳችን እንቀይረው!

እናንተ ልጆች፣ ይሄን ነገር ካልነገርኳችሁ ሞቼ እገኛለሁ!

ኒው ካይሮ ለምትኖሩ ጣጣው እንግዳ አይደለም። እዚህ ያለው ኦቭን የሚቆጥረው በሴንቲግሬድ ነው። ማዳም የሰጠችው የአሜሪካ ኬክ አሠራር ግን «350 ላይ ጋግሩ» ይላል። አብዛኛው ኦቭን ደግሞ 350 የሚባል ቁጥር ጭራሽ የለውም! 350ው ፋራናይት ነዋ።

ከውሃ እንነሳ። ውሃ በሴንቲግሬድ 0 ላይ በረዶ ይሆናል፣ 100 ላይ ይፈላል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀደም ብሎ ይፈላል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) በፋራናይት ደግሞ 32 ላይ በረዶ ይሆናል፣ 212 ላይ ይፈላል። ከ212 ላይ 32 ቀንሱ። 180!

እንግዲህ ወደ አንድ ፎቅ የሚያወጡ ሁለት ደረጃዎች አሉ በሉ። አንዱ 100 መርገጫ አለው፣ ሌላው 180። የሚያደርሱት እዚያው ነው፤ የሁለተኛው መርገጫ ግን አጠር አጠር ያለ ነው፣ ቆጠራውም ከ32 ይጀምራል። በቃ፣ ልዩነታቸው ይሄው ነው!

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ለ100 መርገጫ 180 ከሆነ፣ ለ10 መርገጫ 18 ነው። 18 ደግሞ ምንድን ነው? የ10 እጥፍ 20፤ ከ20 ላይ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 2፣ ሲነሳ 18! እዚህች ላይ ስደርስ ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። ሴንቲግሬዱን እጥፍ አድርጉ፣ ከእጥፉ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ፣ 32 ጨምሩ። የካይሮን የበጋ ሙቀት፣ 40 ዲግሪን፣ እንሞክር፦ እጥፉ 80፣ 8 ሲቀነስ 72፣ 32 ሲጨመር 104። ምንም ሽርፍራፊ የሌለው ትክክለኛ መልስ! ወይ ጉድ!

ለኬኩ ወደ ኋላ እንመለስ። ከ350 ላይ 32 ሲነሳ 318። ግማሹ 159። አንድ አሥረኛውን፣ 16 ያህል፣ ጨምሩበት፤ 175። ትክክለኛው 177 ገደማ ነው፤ ኬኩ ግን ይህቺን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ኦቭኑን 175 ላይ አድርጉትና ጋግሩ።

ርዝመት ከዚህም ይቀላል። በ1959 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት አንድ ኢንች ልክ 2.54 ሴንቲሜትር ነው። አስቡት፣ የአሜሪካ ኢንች ራሱ የሚለካው በሜትር ነው! ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከጥግ እስከ ጥግ 140 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል።

መሬትስ? በካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ ኒው ካይሮ ሲዛወር የገባበት ግቢ 260 ኤከር ነው። አንድ ሄክታር ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ግቢው 105 ሄክታር ገደማ ነው። የአባቶቻችን ጋሻ ደግሞ 40 ሄክታር ያህል ነበር፤ ስለዚህ ግቢው ከሁለት ጋሻ ተኩል ይበልጣል! ግብፃዊ ጎረቤታችሁ በፈዳን ቢያወራችሁም አትደናገጡ። ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ነው፣ ኤከር 4,047፤ የሚበላለጡት በጥቂት ነው።

በሉ ወረቀት አውጡ። ከዜሮ በታች 40 ሴንቲግሬድን በዚያችው መንገድ ወደ ፋራናይት ቀይሩት፦ እጥፍ፣ አንድ አሥረኛው ሲነሳ፣ 32 ሲጨመር። መልሱን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ አግኙትና ተገረሙ።