ጀርባው የተዘጋ የጆሮ ማዳመጫ፦ ለቀረጻና ለመንገድ

ጀርባው የተዘጋ የጆሮ ማዳመጫ፣ በተለምዶ ሄድፎን የሚባለው፣ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋኑ ከኋላ በጠንካራ ቅርፊት ስለተከደነ የውስጡን ድምፅ ወደ ውጭ፣ የውጩንም ወደ ውስጥ በቀላሉ አያሳልፍም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መሰንቆ ሲቀረጽ ተጫዋቹ ጀርባው ክፍት የሆነውን ዓይነት ካጠለቀ፣ አስቀድሞ የተቀረጸው ከበሮ ከጆሮው አምልጦ ወደ ማይኩ ይገባና ከጭራው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣቱ እጅግ አዳጋች ነው።

ገዢዎች ግን ይህን ትልቅ ጥቅም ትተው ሄድፎንን በቤዙ ብዛት ይመዝኑታል። የስቱዲዮ ሄድፎን ተግባር ዘፈኑን ማሳመር ሳይሆን የተቀረጸውን ከነጉድለቱ ማሰማት በመሆኑ፣ ይህ ሚዛን ለቀራጩ አይረዳውም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ስፖንጁ ከጆሮ ዙሪያ ጋር መግጠሙ ነው። ዝቅተኛው ድምፅ ጉልበት የሚያገኘው በስፖንጁና በጆሮው መካከል ከታመቀው አየር ግፊት ስለሆነ፣ ትንሽ ክፍተት ስትፈጠር ግፊቱ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፤ ከፍተኛው ድምፅ ግን ብዙም ሳይጎዳ ስለሚሰማ አድማጩ ጉድለቱን አያስተውለውም። ክፍተቱን የሚፈጥሩት የዕለት ተዕለት ነገሮች ናቸው፦ የመነጽር ዘንግ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ከስፖንጁ ሥር የገባ ሻሽ፣ ወይም ጆሮ ላይ የወረደ የመሪጌታ ጥምጥም። የበገና 10 አውታሮች ሲደረደሩ ከአውታሩና ከብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚሰጠው ጥዝታ ቢሰማም፣ ከሥሩ ያለው ወፍራም ድምፅ ሳስቶ ይቀራል። ቀራጩም በገናው የሳሳ መስሎት በሚክሰሩ ላይ ቤዝ ይጨምራል፤ ያ ቅጂ በሚኒባስ ስፒከር ሲከፈት ሌላውን ሁሉ ውጦ ያጓራል፣ ወቀሳውም ያለ ጥፋቱ በማይኩ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ሲባል የአባትን ጥምጥም ማስወለቅ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ጠርዙን በአክብሮት ከጆሮ በላይ ከፍ ማድረግና የሄድፎኑን ቅስት አስረዝሞ ማስቀመጥ ይበቃል። ሁለቱን ጽዋዎች በመዳፍ ቀስ አድርጎ በመጫን መፈተንም ይቻላል፤ ሲጫኑ ቤዙ ከጎላ ክፍተት አለ ማለት ነው። ቆዳው የተላጠና የተጠፈጠፈ ስፖንጅም ያንኑ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ዓመታት ያገለገለውን ሳይለውጡ ሄድፎኑን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ለመንገድ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። የተዘጋ ቅርፊት የሰው ወሬንና ሌላውን ቀጭን ድምፅ በደንብ ቢቀንስም የሞተርን ወፍራም ጉርምርምታ ግን ብዙ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከቡሬ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ጉርምርምታውን ለመሸፈን ድምፅ እየጨመረ ጆሮውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። በኦም የሚለካው፣ ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞም መታየት አለበት፤ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ሲቀርብ፣ ባለ 250ው በስልክ ብቻ ሲነዳ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚደክም የራሱን አምፕሊፋየር ይሻል። ብሉቱዝ ለጉዞ ምቹ ቢሆንም ድምፁን ስለሚያዘገይ፣ እየተቀረጸ ራሱን ለሚያዳምጥ ዘፋኝ አይሆንም፤ ባለ ሽቦው ደግሞ መብራት በጠፋበት ቀንም ቻርጅ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሶኒ ኤምዲአር 7506፣ ባለ 63 ኦም፣ ለቀረጻ እስከ ዛሬ የሚታመን ነው፤ ሆኖም የማይነቀለውና ሲዘረጋ 3 ሜትር የሚደርሰው ጥቅልል ሽቦው በስቱዲዮ የሚያመች ቢሆንም በአውቶቡስ ወንበር ላይ ሸክም ስለሚሆን፣ ሽቦው የሚነቀለውና 38 ኦም የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ ለተጓዡ ይሻላል።