7518 በባሕረ ሐሳብ ሚዛን

በለቡ መብራት ኃይል፣ ከመንገድ ዳር ሱቆች ባንደኛው ግድግዳ የተሰቀለውን የ2018 ዓ.ም. የቀን መቁጠሪያ ገልጦ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን መዋሉን የሚመለከት ሰው፣ ያ ዕለት ከአንድ ቁጥር ተፈልቅቆ የወጣ መሆኑን እምብዛም አያስብም። ቁጥሩ 7518 ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 5500ውን ዓመተ ፍዳ ከ2018ቱ ዓመተ ምሕረት ጋር ደምረው ዓመተ ዓለም የሚሉት፣ በግእዝ አኃዝም ፸፭፻፲፰ ተብሎ የሚጻፈው።

ለዘመናዊው የሒሳብ ሰው 7518 ከ2፣ ከ3፣ ከ7 እና ከ179 ብዜት የተወለደ፣ ይህ ነው የሚባል ግርማ የሌለው ቁጥር ነው። መርጌታው ግን ቁጥርን የሚመዝነው በትርፉ ነው። ለ4 ቢያካፍለው 1879 ይደርስና 2 ይተርፋል፤ ትርፉ ዘመነ ማርቆስን ያመለክታል፣ ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል። መጠነ ራብዒቱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሮ ለ7 ሲገድፈው 3 ስለሚተርፍ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ቆጥሮ መስከረም 1ን ሐሙስ ላይ ያውላል። ዓመተ ዓለሙን ለ19 ሲገድፈው ደግሞ 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንዱን ለዘመን ትቶ 12ን ወንበር ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሚቀጥለው ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12 ይወጣል፤ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል፤ ድምራቸው 30። ይህም የዚህ ዓመት ዕድል አይደለም፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ፣ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን ድምሩ ከ30 ፈቀቅ አይልም፤ ተማሪው ስሌቱ መሳሳት አለመሳሳቱን የሚፈትነውም በዚሁ ነው። መጥቅዑ ከ14 በላይ በመሆኑ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነውና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመር 25 ይሆናል። መጥቅዑ በመስከረም ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ በ69ኛው ቀን ትንሣኤ ነው።

4፣ 7 እና 19 ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ 4 እና 7 በ28 ዓመት ዐውደ ፀሐይን፣ 4 እና 19 በ76 ዓመት ዐውደ ማኅተምን ቢያስገኙም፣ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ብዜታቸው በሆነው በ532 ዓመት ብቻ ነው፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ነው። 7518 ለ532 ሲገደፍ 14 ቀመር ሞልቶ 70 ይተርፋል፤ እኛ ያለንበት ዐሥራ አምስተኛው ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል።

እንግዲህ የ2018 የቀን መቁጠሪያ አንዳች ሳይለወጥ በ2550 ዓ.ም. ያገለግላል፤ በ1486 ዓ.ም.፣ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥትም ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነበር። ያን ጊዜ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ገና ስላልተሠራ ሮማውያንም በዚያው ዕለት አክብረዋል፤ በ2018 ግን የእነርሱ ፋሲካ በመጋቢት 27 ዋለ።