የቤቴልጁዝ እጅ

በኦሪዮን ትከሻ ላይ የሚታየው ቀዩ ኮከብ ቤቴልጁዝ የሚዞረው አነስተኛ ጓደኛ ሳይኖረው እንደማይቀር፣ ሃዋይ በሚገኘው ጀሚኒ ኖርዝ ቴሌስኮፕ ከተነሡ ምስሎች የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ለጓደኛው ያቀረቡት ስም «ሲዋርሃ» ነው፤ በዐረብኛ «አምባሯ» ማለት ነው። ይህ ውብ ስያሜ ብዙ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚደግሙትን ስሕተት ፊት ለፊት ይሞግታል። የሌሎቹ ደማቅ ከዋክብት ስም ብዙም አያከራክርም፤ አልደባራን በዐረብኛ «ተከታዩ»፣ ሲሪየስ በግሪክ «አቃጣዩ» ነው። የቤቴልጁዝን ግን «የጀውዛእ ብብት» እያሉ የሚፈቱት ጥቂት አይደሉም።

ጀውዛእ ዐረቦች በዚያ የሰማይ ክፍል ያዩዋት ሴት ናት። ጀርመናዊው የዐረብኛ ሊቅ ፓውል ኩኒችሽ የጥንት ጽሑፎችን መርምሮ እንዳሳየው፣ የኮከቡ ስም «የድ አል-ጀውዛእ»፣ ማለትም «የጀውዛእ እጅ» ነበር። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መነሻ ላይ «የ» ከሥሯ ሁለት ነጥብ፣ «በ» አንድ ነጥብ አላቸው፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ልዩነት የለም። ሁለቱ ነጥቦች እንደ አንድ ሲነበቡ «የድ» «በድ» ሆኖ ወደ ላቲን ተሻገረ። «ብብት» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ትርጉም ያጣባቸውን ቃል ለማቃናት «ኢብጥ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አገናኙት። ኮከቡ ከትከሻ አጠገብ ስለሆነ ብብት ቢባል ምን ነውር አለው የሚል ይኖራል። ቦታው መመቸቱ ግን የስም ምስክር አይሆንም፤ በጥንቱ የዐረቦች አጠራር የተመሰከረው እጅ ነው። የዚያችው ሴት እግርም ዛሬ ራይጅል በሚባለው ኮከብ ስም ውስጥ አለ። ግዕዝ ለሚያውቅ «የድ» ከ«እድ» ጋር ዘመድ መሆኑ አይሰወረውም፤ አምባርም የሚጠለቀው በእጅ ነው።

ታዲያ ስሙ ራሱ ይታረም? አይመስለኝም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀው ቤቴልጁዝን ነው፤ የዘመናት አጠራርን ማፍረስ ካታሎጎችን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም። ፍቺው ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስም እንድታወጣለት ለኢትዮጵያ የመደበው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ሲባሉ ትርጉማቸው አብሮ ተመዝግቧል፤ የመጀመሪያው ስኒ በሌላ ነገር እንዳይፈታ ጠባቂው ይህ መዝገብ ነው። ቤቴልጁዝ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። ስለዚህ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው እትም «ብብት» የሚለውን አውጥታችሁ «እጅ» ብላችሁ ጻፉ።