መሪውን አስረክቦ መውረድ
«ጎበዝ ብቻውን ይሮጣል» የምትሉ ወጣቶች፣ እስቲ አንድ እንግሊዛዊ ልጅ ላጫውታችሁ። የጀመረው በካርቲንግ ነው፤ ጣሪያ የሌላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀራት ሚጢጢ መኪና። እዚያ ብቻህን ትነዳለህ፣ ብቻህን ታሸንፋለህ። የፈረንሳዩ የሌ ማን ውድድር ግን ሌላ ነው፤ 24 ሰዓት፣ አንድ መኪና፣ ሦስት ሾፌር። እየመራህም ቢሆን ተራህ ሲያበቃ መሪውን አስረክበህ ትወርዳለህ። እኔን ብትጠይቁኝ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው! ወርደህ ደግሞ ተኛ ትባላለህ፤ ማንን እንቅልፍ ይወስደዋል? ልጁ እ.ኤ.አ. በ2020 ከዋናው ቀጥሎ ባለው ምድብ አሸነፈ። በ2025 ደግሞ፣ በ25 ዓመቱ፣ ከአንድ ፖላንዳዊና ከአንድ ቻይናዊ ጋር በቢጫ ፌራሪ 387 ዙር ነድተው ከሁሉም ቀደሙ። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፉ መሪውን የያዘው ግን ፖላንዳዊው ነበር።