ብቸኛ የጥሬ ዕቃ ውልና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሠሪዎች

ብቸኛ ወኪልነት የሚለው ቃል ለአስመጪዎቻችን እንግዳ አይደለም። አንድ የውጭ አገር ፋብሪካ ዕቃውን በአገራችን ለአንድ ነጋዴ ብቻ እንዲሸጥለት ሲፈቅድ፥ ሌላው ነጋዴ ያንኑ ዕቃ ከፋብሪካው በቀጥታ ለመግዛት አይችልም። ይኸው ዓይነት ውል ዕቃው ገና ሳይሠራ፥ በጥሬ ዕቃውና በአሠራሩ ዘዴ ላይም ይደረጋል። የጥሬ ዕቃ አምራቹ አዲስ ነገር ያወጣ እንደሆነ፥ ለዚህ ሥራ ለአንተ ብቻ እሸጣለሁ ብሎ ከአንድ ሠሪ ጋር ይዋዋላል። ይህ በሌሎቹ ሠሪዎችና በባለ ሱቁ ላይ የሚያስከትለውን ለማየት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ንግድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአገራችን ሐይቆች ዓሣ የሚወጣው በአብዛኛው በመረብ ስለሆነ ዘንጉ በገበያችን ብዙ አይታይም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ጥሬ ዕቃውን ከሌላ የሚገዛውን ሠሪ ሁሉ ይነካል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዘንግ ቀላል ሆኖ የሚታጠፍ፥ ታጥፎም ቶሎ የሚቃና መሆን አለበት። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሠሪዎች ይህን ጠባይ ለብዙ ዘመን ያገኙት በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ከሚበቅለውና በንግድ ስሙ ቶንኪን ከሚባለው ቀርከሃ ነበር። ቀርከሃውን ሰንጥቀው ስድስት ቀጫጭን ስንጣሪ በሙጫ በማጣበቅ ዘንግ ያደርጉታል። ቀርከሃው ለማንም ይሸጥ ስለነበር ሠሪና ሠሪ የሚበላለጡት በአብዛኛው በእጅ ሙያ ነበር። በ1950 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲዘጋ ግን፥ በመጋዘኑ ቀርከሃ ያከማቸው የአሜሪካ ሠሪ ሥራውን ቀጠለ፤ ያላከማቸው ተቸገረ። እገዳው እስከ 1971 ዓ.ም. ቆይቷል።

ከእገዳው ቀደም ብሎ ፋይበር ግላስ የሚባለው የመስተዋት ክር ወጥቶ ነበር። ዶክተር አርተር ሃዋልድ የሚባሉ የፕላስቲክ ሥራ ዐዋቂ በጦርነቱ ዘመን በሚሺጋን ዓሣ ሲያጠምዱ የቀርከሃ ዘንጋቸው ጫፍ ተሰበረባቸውና ከመስተዋት ክርና ከሬዚን ምትክ ሠሩ ይባላል። አሠራሩን የሼክስፒር ኩባንያ ይዞ በ1947 ዓ.ም. ዎንደሮድ ብሎ የሰየመውን ዘንግ አወጣ። ዘዴው በፓተንት የተጠበቀ ስለነበር ሌላው ሊቀዳው አይችልም ነበር። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፥ ፓተንቱ የጠበቀው ክሩ የሚደረደርበትን መንገድ እንጂ ክሩን ራሱን አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ሌሎች፥ ከእነርሱም መካከል ኮኖሎን የተባለውን ዘንግ ያወጣው የካሊፎርኒያ ሠሪ፥ የመስተዋት ጨርቅ በሾጣጣ ብረት ላይ ጠቅልለው፥ በምድጃ አጠንክረው፥ ብረቱን ሲያወጡት ቱቦ የሚቀርበትን ዘዴ ያዙ። ዛሬ አብዛኞቹ የዘንግ ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚሁ ጥቅለላ ነው።

ነገሩ የከበደው የካርቦን ክር በመጣ ጊዜ ነው። ይህ ክር ብዙ ገንዘብ፥ እጅግ የጋለ ምድጃና ረጅም ልምድ ስለሚጠይቅ ዘንግ ሠሪ በራሱ ሊያወጣው አይችልም። በጃፓን በኦሳካ የመንግሥት የምርምር ተቋም ዶክተር አኪዮ ሺንዶ በ1959 ዓ.ም. ከአክሪሊክ ክር የካርቦን ክር ማውጣትን አሳዩ። በእንግሊዝ የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም በ1960ዎቹ ዓመቶች ብርቱ የሆነ ክር አወጣ፤ የአሠራሩም መብት ለሮልስ ሮይስ፥ ለኮርቶልድስና ለሞርጋናይት በፈቃድ ተሰጠ። የጃፓኑ ቶሬይ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. ከአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ ጋር የቴክኒክ መብት ተለዋውጦ በ1971 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ።

ክሩን ማን ገዛው? አውሮፕላን ሠሪዎች አዲስ ዕቃ ከመቀበላቸው በፊት የብዙ ዓመት ፈተና ስለሚያደርጉ፥ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ዋነኞቹ የዘንግና የጎልፍ ዱላ ሠሪዎች ሆኑ። ኦሊምፒክ የተባለው የጃፓን ሠሪ በ1972 ዓ.ም. የካርቦን ዘንግ አወጣ፤ በአሜሪካ ፌንዊክ በ1973 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያን ጊዜ አምራቹ ዘንግ ሠሪውን ይፈልገው ነበር። ዛሬ ሚዛኑ ተገልብጧል። ቶሬይ በ2006 ዓ.ም. ለ787 አውሮፕላን ከቦይንግ ጋር የረጅም ዘመን የአቅርቦት ውል ተዋዋለ፤ በዚያው ዘመን ገደማም የካርቦን ክር በዓለም ገበያ አጥሮ የስፖርት ዕቃ ሠሪዎች ተቸግረው ነበር። እንዲህ ያለው ውል ዘንግ ሠሪውን በስም አይከለክለውም፤ ነገር ግን ትልቁን ድርሻ አስቀድሞ የያዘ ገዢ ካለ ትንሹ ገዢ ተራ ይጠብቃል። በእኔ አስተያየት ይህ ብቸኛ ተብሎ ከተጻፈው ውል ይልቅ ይጎዳል፥ ማንም አይቶ አይጠነቀቀውምና።

ከክሩ ቀጥሎ ሬዚኑ አለ፤ ክሩን ከክር የሚያያይዘው ሙጫ ማለት ነው። ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣት የተቀላቀለበት ሬዚን ሠራ። ከ1872 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ በአልንዊክ የሚታወቀው ሃርዲ በዚህ ሬዚን የተሠሩትን ዘንጎች በ2010 ዓ.ም. ሲንትሪክስ በሚል ስም አወጣ። ሲንትሪክስ የሃርዲ ስም ነው፤ ሬዚኑ ግን የስሪ ኤም ነው። ስሙን ሌላ ሠሪ ሊለጥፈው አይችልም። ስሪ ኤም ግን ከዚያ በኋላ ይህን ዓይነት ሬዚን ፓወርለክስ በሚል በራሱ ስም ለሌሎች ዘንግ ሠሪዎችም አቅርቧል። ባለ ሱቁ ለስሙና ለሬዚኑ የሚከፍለውን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ የስሙ ብቸኝነት ይቆያል፥ የጥሬ ዕቃው ብቸኝነት ግን ውሉ እስኪያልቅ ነው። ባለቀም ጊዜ በውድ የተገዛው ዘንግ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ የተፎካካሪው ዘንግ በርካሽ ይመጣል።

ብቸኛውን መብት ያገኘ ሠሪም ቢሆን ያለ ሸክም አይደለም። አምራቹ እንዲህ ያለ መብት ሲሰጥ በየዓመቱ ቢያንስ ይህን ያህል ትገዛለህ የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ያስገባል፤ ገበያው ቢቀዘቅዝም ክፍያው አይቀርም። አምራቹም ያንን ሬዚን ማውጣት ቢያቆም ዘንጉ አብሮ ይቆማል። ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው ግን ያልተገጠመውን ዘንግ ከፋብሪካ ገዝቶ እጀታና ቀለበት የሚያበጅለት ትንሽ ሠሪ ነው፤ እርሱ የሚመርጠው ሌሎች ከለቀቁት ውስጥ ነው። ሆኖም የዘንግ ጠባይ በክሩ ብቻ ሳይሆን በአቀጣጠኑና በአጠቃለሉ ጭምር ስለሚወሰን፥ ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ በተለመደው ክር የሚመሰገን ዘንግ ሊያወጣ ይችላል።

አንድ ብቻ አምራች ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። የጃፓኑ ፉጂ የሚሠራው የክር ማሳለፊያ ቀለበት በብዙ ተፎካካሪ ሠሪዎች ዘንግ ላይ ይገኛል፤ ለሁሉም ስለሚሸጥ ሁሉም ተስማምቶበታል። አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ብቻ ሲዋዋሉ ነው ሌላው ከበር ውጭ የሚቀረው።

አስመጪ እንዲህ ያለውን ዕቃ በወኪልነት ከመያዙ በፊት ፋብሪካውን ሁለት ነገር በደብዳቤ ይጠይቅ። አንደኛው፥ በጥሬ ዕቃው ላይ ያለው መብት ከወኪልነቱ ዘመን በፊት ያልቅ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፥ ዘንግ በሦስትና በአራት ክፍል ተቀጣጥሎ ስለሚሸጥ፥ አንዱ ክፍል የተሰበረበት ደንበኛ ከስንት ዓመት በኋላም ምትክ እንደሚያገኝ ነው። መልሱም የወኪልነት ውሉ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይያዝ።