ስክሪኑ ይግባ፣ ዐይን ግን ከመንገድ አይነሳ

ከሚሴ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጣርማ በርን የወጣ፣ ወደ ደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ያለፈ መኪና ሁሉ መሃላችንን ሰንጥቆ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ይነጉዳል። እኔ በዚህ መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። እንጀራዬ ዲናሞ፣ ሞተሪኖና የመብራት መስመር ነው። አሁን አሁን ግን ሾፌሩ ሁሉ የሚጠይቀኝ ሌላ ሥራ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣውን ቴፕ አውጥቼ በጣት የሚነካ ስክሪን፣ «አንድሮይድ ቴፕ» የሚሉትን፣ እንዳስገባላቸው።

ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ሰው ያለችውን መኪና ይዞ መኖርን መርጧል። ሞተሩ ገና ጤነኛ ነው፤ ቴፑ ግን ዘመኑ አልፏል። መንዙማውም ዘፈኑም በፍላሽና በስልክ ሆኗል፣ የካሴቱ አፍ አቧራ ይጠጣል። በዚህ ላይ የሬዲዮው ችግር አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ብቻ ይይዛል፤ የቅርቦቹ እስከ 95 ይደርሳሉ። የእኛ ኤፍ ኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ባለው ነው። ስለዚህ ባለ መኪናው አዲስ አበባ መሃል ቆሞ እንኳ ፋና 98.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ቢፈልግ አያገኝም። ቴፑ አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ አገር ነው። አዲሱ ስክሪን ይህን ይፈታል፣ ግን ሲገጠም የሬዲዮው አካባቢ «ጃፓን» ተብሎ እንዳይቀር ማየት ያስፈልጋል።

ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት ቀዳዳውን ይለኩ። የመኪና ቴፕ መለኪያ ከጀርመን የመጣ ነው፤ ስፋቱ 180 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ለነጠላው 50፣ ለድርቡ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቶዮታ ደግሞ በብዙ መኪኖቹ ላይ ስፋቱን 200 አድርጎታል። 180ውን ገዝቶ ቶዮታ ላይ የሚያስገባ ሰው በግራና በቀኝ ክፍተት ይቀርበታል። ባለ 9 እና ባለ 10 ኢንች ስክሪኖች ለየመኪናው የተሠራ ፍሬም ስላላቸው የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ለሻጩ መንገር ግድ ነው። ዳሽቦርድ በመጋዝ የሚቆርጥ ባለሙያ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይሂዱ።

ዋናው ሥራ ከስክሪኑ ጀርባ ነው። ከአዲሱ ቴፕ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመገብ፣ ቁልፉ ቢጠፋም የማይቋረጥ ነው፤ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኘው። ቢጫውና ቀዩ ከተቀያየሩ ስክሪኑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል። ሁለቱም ባትሪ ላይ ከታሰሩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ ጠዋት ሞተሪኖው ማዞር ያቅተዋል። ባትሪ በከንቱ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ቀለም የአዲሱ ቴፕ እንጂ የመኪናው አይደለም። ቶዮታ ማሳውን ቡናማ፣ የቁልፉን መስመር ግራጫ ያደርገዋል። በአዲሱ ቴፕ ላይ ግን ግራጫው የቀኝ የፊት ስፒከር ነው። ቀለም ከቀለም እያዩ ማጣመር ቴፑን ያቃጥላል፤ ቴስተር ይዞ እያንዳንዱን መለካት ነው መፍትሔው። የስፒከሮቹ ጥቁር መስመር ያለባቸው ሽቦዎችም ማሳ አይደሉም፣ ከቦዲው ጋር ከተነካኩ የድምፅ ማጉያው ይሞታል። ሰማያዊው የአንቴናውን ማጉያ የሚያስነሳ ነው። «ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ ሬዲዮው ግን ይንጫጫል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የፋብሪካውን ሶኬት ፈጽሞ አልቆርጥም። ለየመኪናው የተዘጋጀ ማገናኛ ሶኬት አለ፤ ባለ መኪናው ነገ የድሮውን ቴፕ መመለስ ቢፈልግ ሰክቶ ይሄዳል።

ለጭነት አይሱዙ ሾፌሮች የምለው ለብቻው ነው። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው፤ የእናንተ 12፣ 12 የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡበት ነው። ስክሪኑ ለ12 ቮልት የተሠራ ከሆነ በቀጥታ ሲታሰር ወዲያው ይቃጠላል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 መስረቅም አቋራጭ አይደለም። የተሰረቀበት ባትሪ እየደከመ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። 24ን ወደ 12 የሚያወርድ፣ ቢያንስ 10 አምፒር የሚችል ኮንቨርተር ይግዙ፤ ከባትሪ ጥንድ ይረክሳል።

ከሚሴ ቆላ ናት፤ የቆመ መኪና ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ከስክሪኑ ጀርባ አየር ማለፊያ እተዋለሁ፤ የተረፈውን ሽቦ ጠቅልዬ ከማቀዝቀዣው ብረት አርቄ አስረዋለሁ። ማይክሮፎኑን አውጥቼ ከሾፌሩ ፊት ለፊት እገጥመዋለሁ፣ ስልክ ሲደወል እጅ ከመሪ እንዳይነሳ። ካርታውን ኢንተርኔት ሳይኖር እንዲሠራ ቀድሜ አወርድለታለሁ። የኋላ ካሜራውንም ከኋላ ማርሽ መብራት ጋር አገናኘዋለሁ፤ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላ ያለ ሕፃን በመስታወት ላይታይ ይችላል፣ በካሜራ ግን ይታያል። ከዚህ ሥራ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

በመጨረሻ የምትቀር አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ ከእጅ ፍሬን ጋር የምትገናኝ። ፍሬኑ ካልተያዘ ቪዲዮ እንዳይታይ የምታደርገው እሷ ናት። ብዙ ሾፌር «ወንድሜ፣ እሷን ማሳ ላይ እሰራትና ገላግለኝ» ይለኛል። ማሳ ላይ ስትታሰር ስክሪኑ መኪናው ሁልጊዜ የቆመ ይመስለዋል፣ ፊልሙም ጉዞ ላይ ይታያል። እኔ አላደርገውም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሁለት ሴኮንድ 33 ሜትር ይጓዛል። በበጋ አፋሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን ይዘው እዚሁ አጠገባችን ወዳለው የጨፋ ሣር ይመጣሉ። እሁድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ሲቆም መንገዱ ዳርና ዳሩ በሰው፣ በአህያና በግመል ይሞላል። እዚህ አገር 33 ሜትር ውስጥ እረኛ አለ፣ ጥጃ አለ፣ ቡና ይዛ የምትሻገር እናት አለች። እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ ማነጋገርን ደንባችን ከከለከለ፣ ከስልክ የሚበልጥ ስክሪን ላይ ፊልም ማየትማ ምን ይባላል? የሚያጣኝ ደንበኛ ይጣኝ፤ ያቺን ሽቦ ከቦታዋ ውጪ አላስርም።

እንግዲህ የትም ቢያስገጥሙ፣ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቁልፉን አጥፍተው ያስነሱ፤ ጣቢያዎቹ በቦታቸው ይኑሩ። ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ያዳምጡ። የኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ ካሜራው ይምጣ። የፊት መብራት፣ ጡሩምባና የዝናብ መጥረጊያ እንደ ድሮው መሥራታቸውን ይዩ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ይዘው ቪዲዮ ይክፈቱ፣ ፍሬኑንም ይልቀቁ። ሥዕሉ ከጠፋ ገንዘቡን አመስግነው ይስጡ። ካልጠፋ ባለሙያውን ይጥሩና ያቺን ሽቦ በቦታዋ ያስመልሱ።