የእሾህ አክሊል የደፋው ኮከብ

ጠላቂው ከጀልባዋ ጠርዝ ወደ ኋላ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ሲገባ በእጁ የያዘው መሣሪያ የከብት ሐኪም መርፌ ይመስላል፤ ጫፉ ረጅም፣ መያዣው ሽጉጥ መሰል። የሚወጋበት ፈሳሽ ወይ ከበሬ ሐሞት የተዘጋጀ ነው፣ ወይ ሰላጣ ላይ የምንጨምረው ያው አቼቶ። ኮራሉ ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፤ ያገኘውን አንድ ጊዜ ወጋ አድርጎ ያልፋል። የተወጋው ፍጥረት በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ሞቶ ይበሰብሳል። በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ እንዲህ ተለቅመው ተገድለዋል። ሥራው ግን አላለቀም።

የሚታደነው ፍጥረት በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ዓይነት ስም ይስማማዋል፤ የእሾህ አክሊል። እስከ 21 የሚደርሱ ክንዶች ያሉት፣ ጀርባው በመርዘኛ እሾህ የተሸፈነ የባሕር ኮከብ ነው። ስለ እሱ የተነሣው ክርክር ስድሳ ዓመት አልፎታል። ክርክሩን ለመረዳት ግን መጀመሪያ የሚበላው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታላቁ ባሪየር ሪፍ በኩዊንስላንድ ግዛት ዳርቻ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። ስሙ አንድ ወጥ ግንብ ቢያስመስለውም፣ 3,000 ገደማ ሪፎች፣ ማለትም ከባሕር ሥር የተገነቡ ዐለት መሰል ክምሮች፣ የተሰባሰቡበት አካባቢ ነው። ግንበኛው ኮራል ነው፤ ድንጋይ የሚመስል፣ አበባም የሚመስል፣ ነገር ግን እንስሳ። ከጥፍር የማይበልጡ ገላቸው ለስላሳ ፍጥረታት ከሥራቸው ኖራ እያወጡ፣ ቤት በቤት ላይ እየሠሩ ይኖራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ አስጠግተዋል። አልጌው ጥገኛ አይደለም፤ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር እየሠራ ኪራዩን ይከፍላል። ኮራሉ ከሚያስፈልገው ምግብ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ተከራይ ነው፤ ቀለሙም ከእሱ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው እጽዋትም የየራሱ ሥራ አለው። ሮዝ ቀለም ያለው ድንጋያማ አልጌ የተሰባበረውን ኮራል እንደ ሲሚንቶ ያጣብቃል። በዳርቻው ያለው የባሕር ሣር ዱጎንግ የተባለውን ግዙፍ አጥቢ እንስሳና የባሕር ኤሊን ይመግባል። የማንግሮቭ ዛፎች ሥራቸውን ጭቃው ውስጥ ዘርግተው ከየብስ የሚመጣውን ደለል ያስቀራሉ፤ ለዓሣ ጫጩቶችም መደበቂያ ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ከ1,500 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ።

ጎብኚ የሚፈራው ግን የእሾህ አክሊሉን ሳይሆን ሌሎቹን መርዘኞች ነው። ድንጋይ ዓሣ ስሙን ያገኘው ድንጋይ መስሎ ስለሚተኛ ነው፤ ለረገጠው ሰው 13 የጀርባ እሾሆቹን ይሰካበታል። ሕመሙን ለማስታገስ እግርን የሚቻለውን ያህል በሞቀ ውሃ ውስጥ መንከር ይረዳል፤ የመርዙ መድኃኒትም ከ1959 ጀምሮ አለ። ሾጣጣ ዛጎሉ በጌጥ የተሸለመው ቀንድ አውጣ ግን ማርከሻ የለውም። በ1935 በሃይማን ደሴት አንድ ወጣት ውበቱን አይቶ ካነሣው በኋላ ሞቷል። የዚሁ ቀንድ አውጣ ዘመድ መርዝ ተጠንቶ በ2004 ለከባድ ሕመም ማስታገሻነት በአሜሪካ ጸድቋል።

ከሁሉም የሚገርመው የጃክ ባርንስ ታሪክ ነው። በኩዊንስላንዷ ኬርንስ ከተማ ሐኪም የነበረው ባርንስ፣ ዋናተኞችን ምን እንደሚወጋቸው ሳይታይ በከባድ የጀርባ ሕመምና ትውከት የሚጥላቸውን ነገር ሲፈልግ ኖሮ፣ በ1961 የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጄሊፊሽ አገኘ። ጥፋተኛዋ እሷ መሆኗን ለማረጋገጥ ራሱን አስነደፈ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጁንና አንድ የባሕር ዳርቻ ሕይወት አድን ሠራተኛንም ጨመረ። ሦስቱም ሆስፒታል ገቡ፤ ሦስቱም ተረፉ። ጄሊፊሿ ዛሬ በሳይንስ የምትጠራው በእሱ ስም ነው። በኩዊንስላንድ ዳርቻዎች ለጄሊፊሽ ንድፊያ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሆን አቼቶ በጠርሙስ ተሰቅሎ ይታያል፤ ገና ያልተኮሰውን መርዝ ያቆማል።

እነዚህ ሁሉ ሰውን ሊገድሉ ይችላሉ፣ ሪፉን ግን አይጎዱትም። የእሾህ አክሊሉ ተቃራኒ ነው። እሾሁ ቢወጋ ያማል፣ ያስታውካል፤ ሰው የሚጨነቀው ግን ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ኮራሉ ነው። ኮከቡ ሆዱን በአፉ በኩል አውጥቶ ኮራሉ ላይ ያለብሳል፤ ሥጋውን እዚያው አሟሙቶ ይመጠውና ነጭ አጽም ትቶ ይሄዳል። አንዱ ብቻውን በዓመት እስከ 10 ካሬ ሜትር ኮራል ሊፈጅ ይችላል። መጤ አይደለም፤ ሪፉ ላይ የኖረ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን እንዲያውም ይጠቅማል፤ ፈጥነው የሚያድጉትን ኮራሎች እየበላ ለዘገምተኞቹ ቦታ ይለቃል። ችግሩ አንዲት ትልቅ ሴት በአንድ የመራቢያ ወቅት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል መጣሏ ነው። ከእነዚህ ከተለመደው የበዙት ከተረፉ ሪፉ አይችላቸውም።

በ1962 ከኬርንስ ፊት ለፊት ባለችው ግሪን ደሴት የሆነው ይኸው ነበር። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኤንዲን አጥንቶ ጣቱን ወደ ሰው ቀሰረ፤ ኮከቡን የሚበላውን ትራይተን የተባለ ግዙፍ ቀንድ አውጣ ለዛጎሉ ሲል ሰብሳቢው ጨርሶታል አለ። ሌሎች ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም፤ መብዛትና መመናመን የተፈጥሮ ዑደት ነው አሉ። በ1971 አንድ የባለሙያዎች ኮሚቴ ኮከቡ ሪፉን በጠቅላላው አያሰጋም ብሎ ደመደመ። ከዚያ በኋላ በ1979፣ በ1993 እና በ2010 ገደማ ሌሎች ማዕበሎች ተነሡ። በየአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ከኬርንስ በስተሰሜን ይጀምርና ውቅያኖሱ እጩን እየነዳ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በ2012 የወጣ የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ጥናት ሒሳቡን አወጣ፤ በ27 ዓመት ውስጥ የሪፉ ኮራል ሽፋን በግማሽ ቀንሷል። ከጥፋቱ 48 በመቶው የአውሎ ነፋስ፣ 42 በመቶው የኮከቡ፣ 10 በመቶው የሙቀት ነበር።

ዛሬ ብዙዎች የሚያነሡት ምክንያት ከባሕር ሳይሆን ከእርሻ ይጀምራል። በኩዊንስላንድ ዳርቻ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሰፊ ነው። የዝናቡ ወቅት ሲገባ ጎርፉ ማዳበሪያውንና አፈሩን ጠርጎ ባሕር ያስገባል፤ በማዳበሪያው ጥቃቅን አልጌ ይፋፋል፤ የኮከቡ እጭ ደግሞ የሚበላው ያንን አልጌ ነው። መራቢያውም ከዝናቡ ወቅት ጋር ይገጥማል። ይህ ማብራሪያ ብቻውን ይበቃል የማይሉም አሉ፤ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለባቸው ሪፎች በኮከቡ እምብዛም እንደማይወረሩ ታይቷልና፣ አዳኝ ዓሦች መመናመናቸውም ድርሻ አለው ይላሉ። እንቦጭን ከጣና በእጁ ሲነቅል የከረመ ገበሬ ይህን ክርክር ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፤ የሚነቀለው ውሃው ላይ ነው፣ የሚመገበው ግን ከማሳው ነው።

የመግደሉ ብልሃት እየተሻሻለ መጥቷል። ቆራርጦ መተው አያዋጣም፤ ቁራጩ ሊያገግም ይችላል። ቀድሞ አንዱን ኮከብ በኬሚካል ደጋግሞ መውጋት ግድ ነበር። የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ መርፌ የሚበቃውን ሐሞት፣ ቀጥሎም በርካሽ የሚገኘውን አቼቶ አመጡ። ቶሎ በተደረሰላቸውና ተደጋግሞ በተለቀመባቸው ሪፎች ኮራሉ ይተርፋል። ለ3,000 ሪፍ የሚበቃ ጠላቂ ግን የለም፤ ስለዚህ የሚመረጡት ለሌሎቹ ዘር የሚያቀብሉትና ቱሪስት የሚበዛባቸው ናቸው።

አሁን ሌላ ነገር ተደርቧል። ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ ተከራዩን አልጌ ያስወጣል፤ ቀለሙም ምግቡም አብሮ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። ከ2016 እስከ 2025 ባለው ጊዜ ሪፉ ስድስት ጊዜ በጅምላ ነጥቷል። የሞተው ኮራል ፍርስራሽ ለኮከቡ ግልገሎች መዋያ ነው። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ ግልገሎቹ ኮራል እስኪያገኙ ድረስ አልጌ እየበሉ ከስድስት ዓመት በላይ ትንሽ ሆነው መቆየት ይችላሉ። ሪፉ አገግሞ ሲያብብ ኮራል ወደ መብላት ይሸጋገራሉ። ጠላቂው የሚያየው ያደጉትን ነው፤ ጥፍር የሚያህሉት ግልገሎች ከፍርስራሹ ሥር ናቸው።

ኮራሉ ራሱ አንድ ዘበኛ አለው። በቅርንጫፎቹ መካከል የምትኖር፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ሸርጣን ኮከቡ ሲመጣ እግሮቹን እየቆነጠጠች፣ እሾሁን እየሰበረች ታባርረዋለች። ቤቷ ነውና አትለቅም። አንድ ኮከብ ሲመጣ ታሸንፋለች፤ መንጋው ሲመጣ ግን አትችልም። ጠላቂው ከእሷ የሚለየው ጀልባ ስላለው ነው። ማታ ባዶ ጄሪካኑን ጭኖ ወደ ወደብ ሲመለስ የሚያልፈው ከወንዞቹ አፍ ፊት ለፊት ነው፤ ዝናቡ ጥሎ እንደሆነ ውሃው ቀይ ነው።